አንድ ፌርማታ በእግር

ፍሬአብ አጥናፉ ሚስቱን እጅ ከፍንጅ የያዛት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ልብስ ስታጥፍ ነው። ሀኒ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጆሮዋ ውስጥ ማዳመጫ ሰክታ፣ የታጠፈ ሸሚዝ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እጇን እላዩ ላይ እንዳሳረፈች ፈዛ ቀርታለች። ስልኳ አጠገቧ በርቷል። ፍሬአብ ከበስተኋላዋ አንገቱን አስግጎ ሲያይ፣ ባዶ ሳሎን ውስጥ ብቻውን የቆመ ወንበር፣ ከወንበሩም በላይ አንድ ርእስ ታየው፦ «አንድ ፌርማታ በእግር»።

ኮቴውን አጥፍቶ ተመለሰ። ከሌላ ወንድ ጋር ስታወራ ቢደርስባት የሚለው ነገር አያጣም ነበር። ሚስቱ የሌላ ሰው ቅንብር በስርቆሽ ስትሰማ የደረሰባት ባል ግን ምን ይላል? ጓሮ ወዳለችው ስቱዲዮው ገብቶ በሩን ዘጋና አንድ ነገር ሳይከፍት፣ አንድ ነገር ሳይነካ፣ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬአብ ሙዚቃ አቀናባሪ ነው። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ፣ አባቱ ባወረሱት ግቢ ውስጥ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነች አንዲት ክፍል አለችው፤ ግድግዳዋን በስፖንጅና በአሮጌ ምንጣፍ አልብሶ ስቱዲዮ አድርጓታል። ከሦስት ዓመት በፊት መርሃዊት የምትባል፣ እስከዚያ ድረስ በሆቴል የሰው ዘፈን ስትጫወት የኖረች ወጣት፣ ዐሥር የራሷን ዜማዎች ይዛ ወደዚያች ክፍል መጣች። ሰባት ወር ሠሩ። አልበሙን «አንድ ፌርማታ» አሉት።

ሲወጣ ከተማው እጁን ዘርግቶ ተቀበለው። ታክሲው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ሰርግ ቤቱ ሁሉ እሱኑ ያጫውት ጀመር። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ፍሬአብ ያስገባትን የትራምፔት ጥሪ የሰፈር ጎረምሶች እሱ ሲያልፍ በአፋቸው ያሰሙለት ነበር፤ እሱም ያልሰማ መስሎ ቀስ ብሎ ይራመዳል። መብቱ ነው። የዚያን አልበም እያንዳንዱን ድምፅ ከየት አምጥቶ የት እንዳስቀመጠው ያውቃል። የመርሃዊትን ድምፅ ራሱ ምስር እንደሚለቅም ሰው ለቅሞታል፤ ዝቅ ያለውን አንሥቶ፣ የዘገየውን አፍጥኖ፣ በቃልና በቃል መካከል የምትስበውን ትንፋሽ ሳይቀር አንድ በአንድ ቆርጦ አውጥቶታል። እንከን የሌለው ነገር ነበር የሠራው።

ባለፈው ዓመት መርሃዊት ስታዲየም አካባቢ ካፌ ቀጠረችውና፣ ያንኑ አልበም እንደገና ልትዘፍነው እንዳሰበች ነገረችው። ያለ ድራም፣ ያለ ኪቦርድ፣ በጊታርና በክራር ብቻ። አብሯት የሚሠራው አሉላ የሚባል ልጅ ነው። ፍሬአብ ፈገግ ብሎ «ጥሩ ሐሳብ ነው» አላት፤ ማኪያቶዋንም ከፈለላት። ከዚያች ቀን ጀምሮ የላከችለትን መልእክት ከፍቶ አያውቅም።

ደግሞ አጋጣሚው ሁሉ ለአሉላ ሆነለት። የመርሃዊት አክስት የወይዘሮ እጸገነት ቤት ካዛንቺስ ነበር፤ ወለሉ ሳንቃ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ የድሮ ቤት። ሰፈሩ ለልማት ሊነሣ ሆነና ዕቃው ወጥቶ ባዶውን በቀረበት ዐሥራ አንድ ቀን ውስጥ፣ ሁለቱ ልጆች ማይካቸውን ይዘው ሳሎኑ ውስጥ ቀረጹት። አልበሙ «አንድ ፌርማታ በእግር» ተብሎ ሲወጣ ቤቱ አልነበረም። ሰዉ ዘፈኑን እንደ ለቅሶ ደራሽ እየተቀባበለ ሰማው። ፍሬአብ ለአንድ ጓደኛው፣ ሰው በግጥም ሲያሸንፍ አይቻለሁ፣ በዜማም ሲያሸንፍ አይቻለሁ፣ በፈረሰ ቤት ሲያሸንፍ ግን ገና አሁን ማየቴ ነው አለው። ካለ በኋላ አፈረ፤ ወይዘሮ እጸገነትን ያውቃቸዋልና፤ ከተማው ዳር አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥተው ጎረቤት እንደናፈቃቸው ሰምቷል። ማፈሩ ግን ቅናቱን አላበረደለትም። ቅናት አጥንት ያነቅዛል የሚለው ቃል እውነት መሆኑን በዚያ ወራት አወቀ፤ የሚያመው ጉልበቱ አካባቢ ይመስለው ነበር።

አዲሱን አልበም አልሰማውም ማለት ይቻላል። ሁለት ዘፈን ጀምሮ ዘግቷል። አራተኛውን ከስታዲየም ወደ ቂርቆስ በሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ፣ ረዳቱ እየጮኸ፣ ቁንጽሉን ሰምቷል። ያነበበው ግን የሰዎችን አስተያየት ነው፤ እሱን አንድም አላስቀረ። «አሁን ገና ድምጿን ሰማሁት» ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ «የመጀመሪያው ላይ ጫጫታ ውጧት ነበር» ብሎ ጽፏል። ጫጫታ የምትለዋን ቃል ፍሬአብ ጥርሱን ሲቦርሽ ሁሉ ያስታውሳት ጀመር።

እንዲህ ባለበት ሰሞን ዳናይት ደወለችለት። የቅዳሜ ከሰዓት የሬዲዮ ፕሮግራም አላት፤ ሁለቱን አልበሞች ጎን ለጎን ልታሰማ፣ ሁለቱንም አቀናባሪዎች ልታወያይ ፈልጋለች። ፍሬአብ እሺ ለማለት አላቅማማም። ቀኑ ሲደርስ ሸሚዝ ሲመርጥ ሀኒ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«ሰምተኸዋል ግን?» አለችው።

«ሰምቼዋለሁ።»

«አራተኛውንም?»

«አራተኛውንም።»

ሀኒ ሰንጋ ተራ አንድ ቢሮ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ያልተባለ ነገር ከፊት ላይ ማንበብ ታውቅበታለች። አየችውና፣ የኮሌታውን እጥፋት አስተካክላለት ሄደች።

ሬዲዮ ጣቢያው ካዛንቺስ፣ ሳይነሡ ከቀሩት ፎቆች በአንዱ ላይ ነው። ፍሬአብ ከታክሲ ወርዶ ሲሄድ፣ ያ የሚያውቀው ባለጠባብ መንገድ ሰፈር አዲስ ሣርና ረጃጅም የመብራት ምሰሶ ሆኖ ጠበቀው። ቤቱ የቱ ጋ እንደነበር መለየት አልቻለም። አሉላ ሊፍቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር፤ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ቀጠን ያለ፣ ዐይነ አፋር። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠው።

«ጋሽ ፍሬአብ፣ እንደምን አሉ?»

ፍሬአብ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ጋሽታው አንድ፣ አንቱታው ሁለት ሆኖ ተሰካበት። አሉላ ሊፍቱ ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማቀናበር የተማረው «አንድ ፌርማታ»ን ክር በክር እየፈታ፣ የቱ መሣሪያ የት እንደሚገባ ደብተር ላይ እየጻፈ መሆኑን አጫወተው። ፍሬአብ አመሰገነው። ልቡ ውስጥ ግን፣ ፈትተህ ፈትተህ ባዶውን አስቀረኸው፣ አለ።

ፕሮግራሙ ተጀመረ። ዳናይት ፈጣን ናት፤ አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን ትይዛለች። ሁለተኛውን ዘፈን ከሁለቱም አልበም አከታትላ አሰማች። አሉላ ስለ ትራምፔቷ ተናገረ፤ እሷን ሲያወጣት ዘፈኑ መቆሚያ እንዳጣ፣ ምትክ የሚሆን ነገር ለማግኘት ሦስት ቀን እንደፈጀበት፣ በመጨረሻም ቦታዋን ባዶ እንደተወው፤ አድማጩ ራሱ በልቡ እንደሚያሟላት። የተናገረው ሁሉ ለፍሬአብ ምስጋና ነበር። ፍሬአብም ሁለት የትሕትና ዐረፍተ ነገር አዘጋጅቶ መጥቷል። ዳናይት ወደ እሱ ዞራ «እሺ ፍሬ፣ ማለቴ፣ በግልጽ እናውራ፤ አዲሱን አኩስቲክ አልበም እንዴት አገኘኸው?» ስትለው ግን ምላሱ ቀደመው።

ድምፅን ራቁቱን መተው ቅንብር እንዳልሆነ ተናገረ። ሰው እንግዳ ሲጠራ ቤቱን ያጸዳል እንጂ ያልተነጠፈ አልጋ አያሳይም አለ። ዳናይት ዐይኗ በራ፤ እንዲህ ያለ ነገር ነበር የምትፈልገው። የትኛውን ዘፈን ማለቱ እንደሆነ ጠየቀችው።

«አራተኛውን» አለ ፍሬአብ። «‹ጃንጥላህ› የሚለውን። ጊታሩ ሁለት ቦታ ይሰናከላል። ገመዱም በደንብ አልተቃኘም። ጣሪያው ላይ ደግሞ ዝናብ ይሰማል። ዝናብ ሲመጣ ቀረጻ ይቆማል፤ ይህን ጀማሪም ያውቀዋል። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ ቸልተኝነት ነው።»

ዳናይት አድማጭ ከምንም በላይ የወደደው ያን የካዛንቺስ ዝናብ እንደሆነ አስታወሰችው። ፍሬአብ፣ ሰው ያለቀሰው ለቤቱ ነው፣ ለዘፈኑ አይደለም አለ። ተናግሮ ሲጨርስ ዓመቱን ሙሉ ተጭኖት የነበረው ነገር ከደረቱ ላይ ሲነሣለት ተሰማው። አሉላ አንገቱን ደፍቶ ጣቶቹን ያያል። ፈርቷል አለ ፍሬአብ በልቡ።

«እንግዲያው ሙሉውን እንስማውና አድማጭ ይፍረድ» አለች ዳናይት፤ ሦስቱም ማዳመጫቸውን አጠለቁ።

መጀመሪያ ጊታሩ ገባ፤ ቀስ ያለ፣ መንገዱን የሚፈልግ ዐይነት። ከዚያ ዝናቡ። ከዚያ መርሃዊት ትንፋሽ ስትስብ ጆሮው ስር ተሰማው።

ጃንጥላህ ከበሩ እንደተሰቀለ፣
ክረምቱ ወጣልህ፣ ሰው አላስጠለለ።

ፍሬአብ ያን ስንኝ ሺህ ጊዜ ሰምቶታል። እንዲህ ሆኖ ግን አያውቅም። ድምጿ «ወጣልህ» የሚለው ላይ ሊሰበር ደርሶ ይመለሳል፤ ማንም እንዳይሰማት የምትዘፍን ይመስላል። ቅናቱ ያን ጊዜ አናቱ ላይ ወጣ። ሰባት ወር ሙሉ «ትንሽ ከልብሽ፣ ትንሽ ከልብሽ» እያለ ለምኗታል፤ ይህን አልሰጠችውም። ለዚህ ልጅ ሰጠችው። ምን ቢላት ነው? ምን ቢያደርግላት ነው?

ሁለተኛው ስንኝ ላይ፣ ከድምጿ ስር፣ አንድ ወንድ በአፍንጫው ያንጎራጉራል። ዜማውን አይከተልም፤ ከታች ሆኖ ይደግፈዋል። ፍሬአብ፣ ይኸውና፣ የጊታር መቺውን ጉርምርምታ እንኳ አላጸዱትም ብሎ አሰበ። ከዚያ አንድ ወንበር ሲጢጥ አለ። ጆሮው ቆመ። ያቺን በርጩማ ያውቃታል። የቀኝ እግሯ ላላ ያለች፣ ቂርቆስ፣ ስቱዲዮው ውስጥ ያለች በርጩማ ናት።

ሁሉም ነገር ተመለሰለት። መርሃዊት መጀመሪያ የመጣች ቀን ነው። በየትኛው ቅኝት እንደምትዘፍን ለማወቅ ጊታሩን አንሥቶ ዜማውን እየፈለገ ይመታ ነበር፤ ማይኩን ለሙከራ ከፍቶት ነበር። ዝናብ መጣ። ዝናቡ እስኪያባራ ምን ይሠራል ብለው መጫወት ቀጠሉ። ዜማው እንዳይጠፋባት ቅጂውን በፍላሽ ሰጣትና ከዚያ በኋላ ረሳው። ጊታሩን የመታው እሱ ነው። የሚያንጎራጉረውም እሱ ነው።

ቀና ብሎ አሉላን አየው። አሉላ አሁንም ጣቶቹን ያያል። ያውቃል፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቅ ነበር።

ዘፈኑ አለቀ። ዳናይት አሉላን፣ ተተችተሃልና ምን ትላለህ አለችው።

«ጋሽ ፍሬአብ ያሉት ልክ ነው፤ ጊታሩ ይሰናከላል» አለ አሉላ። «መርሃዊትም እኔም ግን ልንነካው አልደፈርንም።»

«ፍሬ፣ የምትጨምረው አለህ?»

«የለኝም» አለ ፍሬአብ።

ስልክ ተከፈተ። አንድ ሰውዬ ደውሎ ለፍሬአብ አደላ፤ ሰው የሚጨነቅበት ነገር በዝቷል፣ ዘፈን ሊያስጨፍር ይገባል አለ። ቀጥላ ዙለይካ የምትባል ሴት ገባች። ስታዲየም አጠገብ የስፖርት ልብስ ትሸጣለች። የመጀመሪያውን አልበም ጠዋት ሱቋን ስትከፍት እንደምታጫውተው፣ ሁለተኛውን ግን ደንበኛ ባለበት እንደማትከፍተው ተናገረች፤ አራተኛው ላይ ስትደርስ ዕንባዋ ይመጣባታልና።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች። «ያ ከስር የሚያንጎራጉረው ሰውዬ ማነው? ዘፈኑን እሷ ትዘፍነዋለች፤ የሚያስለቅሰኝ ግን እሱ ነው። ማለቴ፣ እየሰማት ነው። በቃ፣ እየሰማት እንደሆነ ያስታውቃል።»

ዳናይት ወደ አሉላ ዞረች። አሉላ አፉን ከፈተና ፍሬአብን አየው፤ መልሶ ዘጋው። ያቺ ዝምታ ፍሬአብን ከስድብ በላይ አመመችው። ዝም ቢል ልጁ ደብቆለት እንደሚቀር፣ ለማንም እንደማይናገር ገባው። ከዚህ ልጅ ሁሉንም ሊቀበል ይችል ይሆናል፤ ይህን ግን አይችልም።

«እኔ ነኝ» አለ።

ዳናይት ሳቀች። «ኧረ ፍሬ! ላይቭ ነን እኮ።»

«እኔ ነኝ። ጊታሩንም የመታሁት እኔ ነኝ። ዝናቡም የካዛንቺስ አይደለም፤ የቂርቆስ ነው። ዘፈኑን እስከ መጨረሻው የሰማሁት ዛሬ፣ አሁን፣ ከእናንተ ጋር ነው።»

ሬዲዮ ላይ ሦስት ሰከንድ ዝምታ ረጅም ነው። መጀመሪያ የተናገረችው ዙለይካ ናት።

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው የሰደብከው?» አለችው።

ፍሬአብ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ያቺ የፕሮግራሙ ቁራጭ በሁለት ቀን ውስጥ በየስልኩ ገባች። ራሱን የተቸው አቀናባሪ ተባለ። ሰፈር ውስጥ በትራምፔቷ ጥሪ ፋንታ «ምን ሆነህ ነው የሰደብከው?» የሚሉት ጎረምሶች መጡ። ይህ ሁሉ ግን በኋላ የሆነ ነው። የዚያን ዕለት ቤቱ ሲገባ ሀኒ እራት አቅርባ፣ ሬዲዮውን ዘግታ ጠበቀችው። እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ትንሽ ከበሉ በኋላ አራተኛውን ለምን እንደጠየቀችው ጠየቃት።

ድምፁን ዐሥራ ሁለት ዓመት እንደምታውቀው ነገረችው። ሲላጭ፣ ጫማውን ሲያስር፣ አምፖል ሲቀይር ያንጎራጉር እንደነበር፤ ካቆመ ግን ሁለት ዓመት እንዳለፈው። ያንን ዘፈን መጀመሪያ የሰማችው ከሰንጋ ተራ ስትመለስ ታክሲ ውስጥ ነው፤ መውረጃዋን አልፋ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ስትሆን ትሰማዋለች።

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«ብነግርህ ዘፈኑን አትሰማውም ነበር» አለች ሀኒ። «ራስህን ብቻ ነበር የምትሰማው።»

ፍሬአብ የጠቀለለውን እንጀራ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ። ይበቃው ነበር፤ ቅናት ግን በቃኝ አያውቅም። የቀሩትን ዘጠኙንስ ብሎ ጠየቀ። ሀኒ አልዋሸችውም። ሦስቱ የአሉላ ይሻላሉ አለች፤ መርሃዊት ስለ እናቷ የምትዘፍነው ላይ የፍሬአብ ትራምፔትና ሳክስፎን እናትየውን ከቤት አስወጥተዋታል። አራቱ ደግሞ የፍሬአብ ይሻላሉ፤ ያ የሰርጉ ዘፈን ያለ ድራም ሲሰማ ሰርጉ የተሰረዘ ይመስላል። ሁለቱን ግን እንጃ፤ እንደ ቀኑ ነው። ፍሬአብ በልቡ ደመረ። አራት ለሦስት። ደስ ሊለው ሲል የሀኒን ዐይን አየና ተወው።

ማታውኑ የመርሃዊትን መልእክቶች ከፈተ። ዘጠኝ ነበሩ። ‹ጃንጥላህ›ን በአክስቷ ቤት ዐሥራ አንድ ጊዜ ሞክራ እንዳልሆነላት፣ የድሮውን ቅጂ ፍላሽ ውስጥ እንዳገኘችው፣ ብታስገባው ይፈቅድ እንደሆነ ጽፋለታለች። በመጨረሻው ላይ «ዝም ካልክ እንደፈቀድክ እቆጥረዋለሁ። ስምህን አስቀምጣለሁ» ይላል። ሄዶ አየ። ከዘፈኑ ስር፣ ማንም ከፍቶ በማያነበው ዝርዝር ውስጥ፣ «ጊታርና ቀረጻ፦ ፍሬአብ አጥናፉ» የሚል መስመር አራት ወር ሙሉ ተቀምጧል።

ረቡዕ ዕለት እዚያው ስታዲየም ካፌ ተገናኙ። ፍሬአብ ይቅርታ ሊጠይቅ ያሰበው በሬዲዮ ስለተናገረው ነበር። መርሃዊት ያንን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። የተቆጣችው ስለ ዝምታው ነው።

«አንድ ዓመት ሙሉ» አለችው። «ሌላ ባል ያገባሁብህ አስመሰልከው እኮ።»

ፍሬአብ ሳቅም መጣው፣ አፈረም። ከዚያ በልቡ የያዘውን ጥያቄ አወጣው። በዚያች ቀን የነበረው ነገር በሰባት ወር ሥራ ውስጥ የት እንደገባ፣ ለምን መልሳ እንዳልሰጠችው ጠየቃት። ይህን ሲጠይቅ ጥፋተኛው እሱ መሆኑን እንድትነግረው ተዘጋጅቶ ነበር። መርሃዊት ግን ስኳሩን እያማሰለች ቆይታ ሌላ ነገር ነገረችው። ያን ቀን እየተቀረጸች እንደሆነ አታውቅም ነበር። ከማግስቱ ጀምሮ ማይኩን ስታየው ትፈራለች።

«አታስታውስም እንዴ? ‹ትንፋሼ ይሰማል፣ እባክህ አጥፋልኝ› ያልኩህ እኔ ነኝ። አንተማ ይቅር ብለህ ነበር። እኔ ነኝ ያስቆረጥኩህ።»

አላስታወሰም። አሁን ስትነግረው ግን አስታወሰ፤ ሁለት ጊዜ ተከራክሯት፣ በሦስተኛው መቀሱን አንሥቷል። ከዚያ በኋላ ሥራው የእሱ ኩራት ሆነ፤ የማን ሐሳብ እንደነበር ጠፋው።

ከመለያየታቸው በፊት መርሃዊት አንድ ነገር ጠየቀችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ በዐሥር ሰዓት፣ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ኮንሰርት አላቸው። አራተኛውን እሱ እንዲመታላት ትፈልጋለች፤ አሉላም ደስ ብሎታል። አሉላ ደስ ብሎታል መባሉ ደስ አላሰኘውም፤ ቢሆንም አስብበታለሁ አለ።

ለሦስት ቀን ሞከረው። በርጩማዋ ላይ ተቀምጦ ጊታሩን ይዞ ያንን ዜማ መታው። ወይ ንጹሕ ይሆንበታል፣ ወይ አውቆ የተሰናከለ ይሆንበታል። ሲያንጎራጉር ደግሞ ራሱን ይሰማል። ያ ቅጂ ላይ ያለው ሰው የሚሰማው እሷን ነበር። በአራተኛው ቀን ለመርሃዊት ደወለና አሉላ ይምታው አላት። ትሕትና መስሏት አመሰገነችው፤ አላረማትም።

እሑድ ከሀኒ ጋር ሄደ። ወይዘሮ እጸገነት ከፊት ረድፍ ነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ፍሬአብ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው፣ እሳቸውም ሬዲዮውን ይስሙት አይስሙት ሳይታወቅባቸው ጉንጩን ሳሙት። አራተኛው ሲደርስ አሉላ ጊታሩን አነሣ። ፍሬአብ ወንበሩን በሁለት እጁ ያዘ። አንዴ፣ አንዴ ብቻ እንዲሰናከል ተመኘ። ያ ቦታ መጣ፤ ልጁ አልተሰናከለም። ሁለተኛውም ቦታ መጣ፤ አለፈው። ዘፈኑ በሌላ መንገድ ያማረ ሆነ። መርሃዊት ዐይኗን ገልጣ፣ ሰውን እያየች ዘፈነችው፤ ከዚህ በፊት እንዲያ አድርጋ አታውቅም። ሰዉ ሲነሣ ፍሬአብም ተነሣ፤ አጨበጨበ። ከሙሉ ልቡ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ከግማሹ ግን ነበር።

ሲያልቅ ከመድረኩ ጀርባ አሉላን አገኘው። እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ሊያልፍ ነበር፤ ግን ጆሮው ጆሮ ነውና አንድ ነገር ቆርቁሮታል።

«ሁለተኛው ዘፈን ላይ ክራሩ ከድምጿ ጋር ይጋፋል» አለው። «አዝማቹ ላይ ብቻ ዝቅ ብታደርገው ሁለቱም ይተነፍሳሉ።»

እውነት ነበር። በዚያ ዓመት ውስጥ ስለዚያ አልበም ከአፉ የወጣ መርዝ የሌለበት የመጀመሪያው ቃል ነው። አሉላ በጥሞና ሰማው፤ ስልኩን አውጥቶ ጻፈው፤ የጻፈውን መልሶ አነበበለት፤ «አዝማቹ ላይ ብቻ፣ አይደል ጋሽ ፍሬአብ?» ብሎ አረጋገጠ፤ ጎንበስ ብሎም በሁለት እጁ ጨበጠው።

ሲወጡ ሀኒ ምን እንዳለው ጠየቀችው። ነገራት።

«ጻፈው?»

«ጻፈው።»

«ታዲያ ጥሩ አይደል እንዴ? ምን ያስኮርፍሃል?»

ፍሬአብ እርምጃውን አፈጠነ።

«ምነው ይህ ልጅ ትንሽ እንኳ ቢኮራብኝ» አለ።

ሀኒ መንገዱ ላይ ቆማ ሳቀች፤ ሰው ዞሮ እስኪያያት ድረስ ሳቀች። ፍሬአብ ሳቋን እስክትጨርስ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ፊቱን ወደ መብራቶቹ አዙሮ ጠበቃት።